ሸጋው አህያ ጆሮ ይኑረው ወይስ አይኑረው ተብሎ የተካሄደ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ዓርብ፣ ወሩ በገባ በዐሥራ አራተኛው ቀን
ቦታ፦ የሕፃናት ካርቱን ፊልም ክፍል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ የሥዕል ጠረጴዛዎች ተገጣጥመው የስብሰባ ጠረጴዛ በሆኑበት አዳራሽ
የተጠራበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3፡50። የዘገየው እያንዳንዱ አባል ሌሎቹ ከተሰበሰቡ በኋላ ለመምጣት በየግሉ ወስኖ ስለነበር ነው።

የተገኙ አባላት፦

1. ሥራ አስኪያጁ፣ ሰብሳቢ። ከዚህ በኋላ "አለቃ" እየተባሉ ይጠራሉ፤ በፊትም የሚጠሩት እንደዚሁ ነው።
2. ጋሽ ብሌን፣ የዓይን ሠዓሊ። ሠላሳ ዓመት ዓይን ብቻ የሣሉ።
3. እትዬ አፈ ማር፣ የአፍ ሠዓሊ። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላቸው ሰው ከእሳቸው ጋር ስብሰባ ተቀምጦ አያውቅም።
4. ቄንጠኛው፣ የጅራት ሠዓሊ።
5. ነጎድጓድ፣ የሸጋውን ድምፅ የሚያወጣው ተዋናይ።
6. የሰማይ ሠዓሊዋ፣ አባልና ቃለ ጉባኤ ያዥ። ለጸሐፊነት የተመረጠችው በድምፅ ብልጫ ሲሆን የተቃወመችው እሷ ብቻ ናት።

ያልተገኙ፦ አባባ፣ የጆሮ ሠዓሊ። ምክንያት፦ "በሥራ ላይ"። (ማስታወሻ፦ አባባ ጡረታ ከወጡ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗቸዋል። ወሬው ግን የስም ዝርዝሩ ዘንድ አልደረሰም።)

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አባላት ስድስቱ በመገኘታቸው ተሟልቷል። ወንበሩ አምስት ብቻ ስለነበር ቄንጠኛው መስኮት ላይ ተቀምጧል። እዚያ ሲቀመጥ ፀሐይ ፀጉሩ ላይ እንደምታርፍ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ከአጀንዳ በፊት የቀረበ ጥያቄ

ቃለ ጉባኤ ያዧ እጇን አውጥታ፣ ነገ ቅዳሜ የታናሽ እህቷ ሠርግ መሆኑን፣ እሷም አንደኛ ሚዜ መሆኗን፣ የዛሬው የመጨረሻ አውቶቡስ ከቀኑ 9፡30 ላይ ከመናኸሪያ እንደሚነሳ፣ ፈቃዷም ከወር በፊት ተፈርሞ በመሳቢያዋ እንደሚገኝ ገልጻለች። እናታቸው በሕይወት ስለሌለች የሙሽራዋን ቀሚስ ከኋላ የምትቆልፈው እሷ እንደሆነች፣ ቁልፉም ሠላሳ ሁለት እንደሆነ፣ እህቷም "አንቺ ካልመጣሽ ቀሚሱን አልለብሰውም" እንዳለቻት አክላለች።

አለቃ ሲመልሱ፣ "አይዞሽ የኔ እህት፣ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅብንም፤ የጆሮ ነገር እኮ ነው" ብለዋል። ይህ ቃል በተነገረ ጊዜ ሰዓቱ ከጠዋቱ 3፡58 ነበር።

አጀንዳ 1፦ ከሕፃናት ስለደረሰ ደብዳቤ

አለቃ ከቴሌቪዥን ጣቢያው የተላከ ፖስታ ከፍተው፣ በእርሳስ የተጻፈ ደብዳቤ አንብበዋል። ቃል በቃል እንዲመዘገብ ስለታዘዘ እነሆ፦

"ለሸጋው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ወንድሜ አምስት ነው። ወንድሜ ሸጋው ድንች ነው ይላል። እኔ ጉማሬ ነው እላለሁ። አባታችንን ስንጠይቀው እኔ ትራስ ይመስለኛል አለ። እናታችን አህያ ነው ስትል ሁላችንም ሳቅንባት፣ እሷም ተቀየመችን። እባክህ ምን እንደሆንክ ንገረን። ደግሞ እናትህ ና ግባ ስትልህ በምንህ ነው የምትሰማት?"

አባላቱ ግድግዳው ላይ ወዳለው የሸጋው ትልቅ ሥዕል ዞሩ። ሸጋውም በትልልቅ ዓይኖቹ አያቸው፣ በትልቅ አፉ ሳቀላቸው። ከቅንድቡ በላይ ራሱ እንደ እንቁላል ለስልሷል። ከዚያ በላይ ሰማይ ነው። አዳራሹ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ጸጥታ ሰፈነ። እትዬ አፈ ማር ባሉበት ሁለት ደቂቃ ጸጥታ ሲሰፍን ይህ በክፍሉ ታሪክ የመጀመሪያው ነው።

ቴሌቪዥን ጣቢያው ከደብዳቤው ጋር ባያያዘው ማሳሰቢያ፣ ሰኞ ጠዋት የሚረከበው አዲሱ ፊልም ውስጥ ያለው እንስሳ አህያ መሆኑ በግልጽ እንዲታወቅ ጠይቋል።

አለቃ "ለመሆኑ ይሄ ጆሮ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው? ያየ ሰው የለም?" ሲሉ ጠየቁ። የተሰጡት መልሶች ግልጽ እንዲሆኑ፣ የክፍሉ አሠራር በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ የሸጋው ገላ ቀድሞ የታተመ ነው። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። አንዱ ዓይን፣ አንዱ አፍ፣ አንዱ ጅራት፣ አንዱ ጆሮ ሥሎ ያሳልፋል። የሰው ድርሻ መንካት አይደለም፣ አተኩሮ ማየትም ነውር ነው።

ጋሽ ብሌን፣ "እኔ ከቅንድብ በላይ ወጥቼ አላውቅም። ከቅንድብ በላይ የሰው ግዛት ነው" ብለዋል። እትዬ አፈ ማር ሸጋውን ከአፍንጫው በላይ አይተውት እንደማያውቁ፣ ከላይ ዓይን እንዳለውም የሰሙት ዛሬ እንደሆነ ተናግረዋል። ቄንጠኛው "እኔ የማውቀው ከኋላው ነው" ብሏል። ነጎድጓድ ድምፁን የሚያወጣው ዓይኑን ጨፍኖ ስለሆነ፣ ፊልሙንም አንድ ቀን እንኳ አይቶት ስለማያውቅ ከደሙ ንጹሕ መሆኑ እንዲመዘገብለት ጠይቋል፤ ተመዝግቧል።

ቃለ ጉባኤ ያዧም ተጠይቃ፣ ከሁለት ዓመት ወዲህ የምትቀባው ሰማይ ሰፋ እንዳለላት ማስተዋሏን፣ ነገር ግን ደስ ስላላት ዝም ማለቷን አምናለች።

አለቃ "እሺ፣ በየወሩ የምፈርምበት ቅጽ ላይ 'ጆሮ ተሠርቷል' የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክቱን ማን ነው የሚያደርገው?" ሲሉ ጠየቁ። ቅጹ መጣ። ሲመረመርም ማንም አለማድረጉ ታወቀ። አባባ ጡረታ በወጡበት ወር ቅጹ አልቆ ሲባዛ፣ የተባዛው እሳቸው ምልክት ያደረጉበት ወረቀት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ጆሮው እየተሠራ ያለው በፎቶ ኮፒ ማሽኑ ነው።

እትዬ አፈ ማር፣ ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፈረመው ማን ነው ብለው ሊጠይቁ ሲጀምሩ፣ አለቃ ጊዜ እየሄደ ስለሆነ ወደ ውሳኔ እንዲገባ አሳስበዋል።

ውሳኔ ቁጥር 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ሸጋው ጆሮ የሌለው መሆኑ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። ሰዓቱ ከረፋዱ 5፡10 ነበር።

አጀንዳ 2፦ ጆሮው የማን ድርሻ ስለመሆኑ

ቄንጠኛው ከመስኮቱ ወርዶ፣ ጆሮና ጅራት የሚወዛወዙ ነገሮች በመሆናቸው በአንድ አመራር ሥር ቢሆኑ ቅንጅት እንደሚፈጠር አስረዳ። ጋሽ ብሌን፣ "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ጆሮ ጎረቤቱ ዓይን ነው። ከኋላ ተነስቶ ፊት ላይ መውጣት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?" ሲሉ ከወንበራቸው ተነሱ። እትዬ አፈ ማር፣ አፍ ባይናገር ጆሮ ምን ይሠራ ነበር፣ ስለዚህ ጆሮ የሚኖረው በአፍ ቸርነት ነው ብለው ተከራከሩ። ይህን ያሉት አርባ ደቂቃ ወስደው ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ያዧ ያስቀረችው ፍሬውን ብቻ ነው።

ነጎድጓድ "ሙያ በልብ ነው፤ ለምን ሠሌዳው ላይ ሥላችሁ አታሳዩንም?" አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ውጤቱ ግን እንደሚከተለው ነው።

ጋሽ ብሌን የሣሉት ጆሮ ዓይን ነው፤ ሽፋሽፍት አለው። እሳቸው ግን ጆሮ መሆኑን አጥብቀው ተናግረዋል። እትዬ አፈ ማር የሣሉት ጆሮ ፈገግ ብሏል፣ ጥርሱም ይታያል። የቄንጠኛው ጆሮ ጫፉ ላይ ፀጉር ጎፍሮ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ሸጋው በጭንቅላቱ ዝንብ የሚያባርር ይመስላል። አለቃ "እስቲ እኔ ልሞክር" ብለው ጠመኔውን ተቀበሉ፣ የሣሉትም ፊርማቸውን ነው። ከሥሩ ቀን ጽፈውበታል። ቃለ ጉባኤ ያዧ ሥላ እንደሆነ ስትጠየቅ፣ ያደረገችው ሙከራ ደመና መሆኑን ራሷ አስቀድማ ተናግራለች።

ነጎድጓድ በሳቅ ከወንበሩ ስለወደቀ ስብሰባው ለአምስት ደቂቃ ተቋርጧል። ወንበሩም ተሰብሯል። ከዚህ በኋላ ወንበሩ አራት ነው።

አባባ ይጠየቁ የሚል ሐሳብ ቀረበና፣ የመሥሪያ ቤቱ ስልክ ስለማይሠራ በቃለ ጉባኤ ያዧ ስልክ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁ ከፍ ተደርጎ፣ ተደወለ። አባባም ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ "እኔ እኮ የቀኙን ብቻ ነው የማውቀው" አሉ። የግራውስ? "የግራውን ባለቤቴ ናት። ወረቀቱን ማታ ማታ ይዤ ስገባ እሷ ትሥለው ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። ምነው፣ አላወቃችሁም እንዴ?"

ጉባኤው በአንድ ድምፅ "ኧረ በስማም!" አለ። የክፍሉ የግራ ጆሮዎች ሁሉ ያልተቀጠረች ሴት እጅ ሥራ መሆናቸው ሕጋዊ ነው አይደለም በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። ጋሽ ብሌን የቀድሞ ፊልሞች ለጊዜው በቀኝ ጎን ብቻ እንዲታዩ ጠየቁ።

ክርክሩ ሳይቋጭ እማማ፣ ማለትም የአባባ ባለቤት፣ ስልኩን ነጥቀው የሚከተለውን ተናገሩ፦ "ልጆቼ፣ ጆሮ ዝም ብሎ አይሣልም። መጀመሪያ ምን እየሰማ ነው ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ሲፈራ ሁለቱም ወደ ኋላ ይተኛሉ። ሲደሰት ሁለቱም ወደ ፊት። እናቱ ና ግባ ስትለው ግን አንዱ ብቻ ነው ቀና የሚለው፣ አንዱ ገና ጨዋታው ላይ ነው። እኔና ሽማግሌው ለዚህ ነበር የተካፈልነው። የሱ ይታዘዛል፣ የኔ አይታዘዝም። አሁንም ወረቀቱን ላኩልን፣ እስከ እሁድ ማታ እንጨርሰዋለን። ሁለታችን እዚህ ተፋጥጠን ከመዋል ሌላ ሥራ የለንም።"

ይህ ሐሳብ ለድምፅ አልቀረበም። ያልቀረበው እትዬ አፈ ማር በዚያው ቅጽበት "ለመሆኑ ግን ወረቀቱ እነሱ ቤት ሲያድር የኔን አፍስ ማን ነካክቶት ይሆን?" ብለው አዲስ ጥርጣሬ በማስነሳታቸው ነው።

ስልኩ እንደተዘጋ ተመልሶ ጠራ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ስታነሳው ድምፁ ከፍ እንዳለ ነበርና ጉባኤው በሙሉ የሚከተለውን ሰማ፦ "እታለም፣ ተነሳሽ ወይስ ገና ነሽ? ቀሚሱ ደርሷል። ልቤ ድው ድው እያለ ነው። ለሌላ ሰው አላስቆልፍም ብዬ ሁሉንም አስኮርፌያለሁ። ቶሎ ነይልኝ፣ እሺ? ደግሞ ትዘገዪና ወየውልሽ!"

ነጎድጓድ አጨበጨበ። እትዬ አፈ ማር እንኳን ደስ አለሽ ብለው፣ ሙሽራው ምን እንደሚሠራ፣ ቁመቱንም ጭምር ጠየቁ። ጋሽ ብሌን ዓይኖቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ጠየቁ። አለቃ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያም ስብሰባው ቀጠለ።

ውሳኔ ቁጥር 2፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ጆሮው የማንም እንዳልሆነ በአራት ድምፅ ተወስኗል። ሰዓቱ 6፡50 ነበር። ምሳ ተሰርዟል። የቄንጠኛው ሆድ ለመናገር ዕድል እንዲሰጠው ደጋግሞ ጠይቋል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጆሮው ቁጥር፣ ርዝመትና አማራጭ መፍትሔ

ጆሮው የማንም ካልሆነ ማን ይሥለዋል ለሚለው ጥያቄ፣ ጨርሶ ባይሣልስ የሚል ሐሳብ ስለቀረበ ውይይቱ ሰፋ።

ቄንጠኛው ሸጋው ባርኔጣ ያድርግ አለ። የባርኔጣ ሠዓሊ የሚባል የሥራ መደብ ስለሌለ ወድቋል።

ጋሽ ብሌን ሥዕሉ ከላይ ይቆረጥና ተመልካቹ ጆሮው ከሥዕሉ ውጪ እንደቀረ ይረዳ አሉ። ይህ ሐሳብ ሊያልፍ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሲለካ ግን ቅንድቡም አብሮ እንደሚቆረጥ ታወቀ። ጋሽ ብሌን የገዛ ሐሳባቸውን "ጠላት ያመጣው ነው" ብለው ተቃውመው ጣሉት።

እትዬ አፈ ማር፣ ልጁ ድንች ነው ካለ ለምን ድንች አይሆንም፣ ድንች ጆሮ አያስፈልገውም፣ ሰውም ይወደዋል፣ ተመልካች ደግሞ ንጉሥ ነው ሲሉ አቀረቡ። ነጎድጓድ በዚህ ጊዜ ፊቱ ተለዋወጠ። "ሃያ ዓመት አህያ ሆኜ ኖሬ ዛሬ ድንች ልሁን? ድንች ምን ብሎ ነው የሚጮኸው? ንገሩኛ! ምን ብዬ ልጩህ?" ብሎ ከጠየቀ በኋላ፣ ምን እንደሚያጡ ለማሳየት ለአርባ ሰከንድ አናፋ። መስታወቱ ነዘረ። ከምድር ቤት የጥበቃ ሠራተኛው ዱላ ይዞ ደርሶ "አህያው በየት ገባ?" ብሎ ጠየቀ። በክፍሉ ውስጥ ሸጋው አህያ መሆኑን ያለ ክርክር የተቀበለ ሰው እሱ ብቻ ሆኖ ተመዝግቧል።

አንድ ጆሮ ብቻ ይኑረው የሚለው ሐሳብ ሁለት ለሁለት ተከፈለ። አንድ ተኩል ይሁን ተባለ። ግማሹ የቱ ግማሽ ነው በሚለው ላይ መግባባት ስላልተቻለ ሁለት እንዲሆን ተደረገ። ርዝመቱን በተመለከተ ጋሽ ብሌን ጥላው ዓይን ላይ እንዳያርፍ ሦስት ሴንቲሜትር፣ ቄንጠኛው ከጅራቱ ጋር እንዲመጣጠን ዐሥራ አንድ አሉ። ማስመሪያ ተይዞ ሸጋው ላይ፣ ከዚያም ጋሽ ብሌን ራሳቸው ጆሮ ላይ ተለካ። በመጨረሻ ቀኙ ዐሥራ አንድ፣ ግራው ሦስት ሆኖ ተስማሙ። ሁለቱም ወገን አሸነፍኩ ብሎ ተጨባበጠ። ሸጋው ምን እንደሚመስል የጠየቀ የለም።

"ታዲያ ማን ይሣለው?" አሉ አለቃ።

በዚህ ጊዜ ቄንጠኛው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየና፣ "ጆሮው ቆሞ የሚገኘው የት ነው? ሰማይ ውስጥ ነው!" አለ። ሁሉም ወደ ሰማይ ሠዓሊዋ ዞሩ። ጋሽ ብሌን "እውነትም! በሰማዩ ግዛት ገብቶ ነው የሚቆመው" አሉ። ከጠዋት ጀምሮ በምንም ያልተስማሙት ዓይንና ጅራት በዚህ ተስማሙ። እትዬ አፈ ማር "ለሷ ምን አላት፣ ሰማይ እንደሆነ ሰማያዊ ቀለም ማፍሰስ ነው" ሲሉ ደገፉ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ይህን መስመር በእጇ የጻፈችው ጥርሷን ነክሳ ነው።

ሥራው ተሰላ። ሸጋው የሚታይባቸው ሥዕሎች 840 ናቸው። በሁለት ጆሮ 1,680 ይሆናል። እስከ ሰኞ ጠዋት። ጉባኤው ሥራው አድካሚ መሆኑን፣ እጅ እንደሚያሳምምና እንቅልፍ እንደሚነሳ ለሰማይ ሠዓሊዋ በሰፊው አስረድቷታል። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው።

የሰማይ ሠዓሊዋ ተነስታ፣ ፈቃዷ የተፈረመ መሆኑን፣ አውቶቡሱ ሊነሳ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ጊዜ እንደቀረው፣ እህት ማለት የሰማይ ሥዕል አለመሆኗን፣ ሌላ ቀን ደግማ እንደማታገባም ተናግራለች።  ቄንጠኛው "ሠርግ እኮ በቪዲዮ ይቀረጻል" በማለት አጽናንቷታል። የቃለ ጉባኤ ያዧ እርሳስ በዚህ ቦታ ተሰብሯል፤ የቀጠለችው በእስክሪብቶ ነው።

ውሳኔ ቁጥር 3፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ጆሮዎቹን የሰማይ ሠዓሊዋ እንድትሥል፣ ፈቃዷም እንዲሰረዝ በአራት ድምፅ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። የተቃወመችው የታወቀች ናት። ድምፅ ያልሰጡት አለቃ ናቸው። ሰዓቱ ከቀኑ 7፡40 ነበር።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ ጉዳዮች

ወደፊት ጆሮ እንዳይጠፋ ዘጠኝ ሣጥን ያለው አዲስ ቅጽ እንዲዘጋጅ ቀረበ። ቅጹን ማን ይሞላዋል ሲባል ሁሉም ጣሪያውን አዩ። የተሰበረውን ወንበር የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ፤ ነጎድጓድ በሰብሳቢነት ተመረጠ።

ውሳኔ ቁጥር 4፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ቅጹም ንዑስ ኮሚቴውም ጸድቀዋል። ጉባኤው ባስገኘው ውጤት ራሱን አመስግኗል።

ውሳኔ ቁጥር 5

አለቃ "እንግዲህ ቃለ ጉባኤው አሁኑኑ በንጹሕ ተገልብጦ ይፈረም፣ አለዚያ ሰኞ ሁሉም አላልኩም ይላል" ብለው አዘዙ። የተቀሩት መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ በሚል በአዲስ ጉልበት ሲጨቃጨቁ፣ ቃለ ጉባኤ ያዧ ከላይ ያለውን ሁሉ ገለበጠች። ከዚያም የሚከተለውን ጨመረች፦

ከረጅም ውይይት በኋላ ከቁጥር 1 እስከ 4 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ሸጋው አህያ ነው። ጆሮ አለው፤ ያለውም እነ አባባ ቤት ነው። 840ው ሥዕል ዛሬውኑ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ይላክላቸው። ቀኙን አባባ፣ ግራውን እማማ ይሣሉ። ርዝመቱ በማስመሪያ ሳይሆን ሸጋው በሚሰማው ነገር ይለካ። የሰማይ ሠዓሊዋ ፈቃድ እንደጸና ነው። ስብሰባው ከቀኑ 9፡10 ላይ ተዘግቷል።

ስለ አፈራረሙ (ይህ ክፍል እየተፈረመ ሳለ የተጻፈ ነው)

ጋሽ ብሌን "ዓይን" የሚል ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ "ሠላሳ ዓመት" የሚለው "ሠላሳ አንድ" እንዲባል አዘው፣ የቀረውን ዘለው ፈረሙ። ትእዛዛቸው ለጊዜው አልተፈጸመም፤ ቦታ የለም። እትዬ አፈ ማር አፍ የተጠቀሰበትን እየፈለጉ፣ እያነበቡም ለሌሎቹ እያወሩ ፈረሙ። ቄንጠኛው ወረቀቱን ከኋላ ገልብጦ አየና ፈረመ። ነጎድጓድ ማናፋቱ "ለአርባ ሰከንድ" ተብሎ መመዝገቡን አይቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈረመ። የሰማይ ሠዓሊዋም ፈረመች።

አለቃ ቀሩ። እሳቸው ላለፉት ዓመታት የሚያዩት ከታች ቀኝ ጥግ ያለውን የፊርማ ቦታ ብቻ ስለነበር፣ ዛሬም እንደዚያው እንዲሆን ከልብ ተጸልዮ ነበር። አለቃ ግን መነጽራቸውን አደረጉ። ከመጀመሪያው ገጽ፣ ከ"ቀን" ጀምሮ ማንበብ ጀመሩ።  ድንቹ ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። የእማማን ቃል ሁለት ጊዜ አነበቡት። ቁጥር 5 ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ።

"ይሄን ማን ነው የወሰነው?"

"ጉባኤው ነው፣ አለቃ። አምስት ፊርማ አለበት።"

"ከረጅም ውይይት በኋላ ይላል።"

"አዎ። ከራሴ ጋር ነው የተወያየሁት።"

አለቃ ወደ አባላቱ ዞሩ። አራቱም መስኮቱ ላይ ተሰልፈው፣ ግማሹ ይከፈት በሚለው ላይ ድምፅ እየሰጡ ነበር። "ስህተት አለበት" አሉ። የሰማይ ሠዓሊዋ ወረቀቱን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ እንባዋ መጣ፤ መምጣቱም ይመዝገብ። "የቱ ጋ ነው፣ አለቃ?" አለች።

"የመዝጊያ ሰዓቱ ላይ። 9፡10 ከወጣሽ መንገዱ በዓርብ መኪና ተዘግቶ ይጠብቅሻል። አሁን 8፡35 ነው። አስተካክዪውና ቦርሳሽን አንሺ። ሥዕሎቹን እኔ ራሴ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ መኪናው መናኸሪያውን አልፎ ነው የሚሄደው፣ ነይ ውረጂ።"

በዚህም መሠረት "9፡10" የሚለው ተሰርዞ፣ ስብሰባው ከቀኑ 8፡35 ላይ ተዘግቷል። ሥርዙ ላይ ሰብሳቢው ፈርመውበታል። የቃለ ጉባኤ ያዧ የእጅ ጽሑፍ እዚህ ላይ የተበላሸው ደረጃ እየወረደች ስለጻፈች ነው።